ቴሌስኮፕህን በላስቲክ አትጠቅልለው

ሰላም ወንድሜ። አራት ኪሎ ፎቅ ቴራስ ላይ የተከልከው 8 ኢንች ቴሌስኮፕ ሳይነሳ ክረምቱን እንዲያልፍ ምን ዓይነት ልብስ ላሰፋለት ብለሃል። ከላይ ከሚወርደው ዝናብ ይልቅ ከታች የሚነሳውን እንፋሎት ፍራ። እኔ በወፍራም ላስቲክ እስከ ወለሉ ዘግቼ ከርሜ መስከረም ላይ ስገልጠው ዋናው መስታወት ዳር ዳሩን ሻጋታ አድርቶበት ነበር። ከሰዓት የዘነበውን ኮንክሪቱ ይጠጣል፤ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል ይተናል፤ ሌሊት ላስቲኩ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ከውስጥ በኩል ውሃ ሆኖ ይንጠለጠላል። እንጀራ ሲወጣ ከአክንባሎው የሚንጠባጠበውን አስብ፣ እሱው ነው።

1. ውጪው የጭነት መኪና ሸራ ይሁን፣ ነጭ ወይም ብርማ። ጥቁር አትግዛ፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ ቀትር ላይ ምድጃ ያደርገዋል። ከውስጥ የአቡጀዲ ገበር ይግባለት፤ ጠብታውን መጥጦ ቀስ ብሎ ይለቀዋል። አናቱ ላይ ስፌት እንዳይኖር። ልብስ ሰፊው «ግድ የለም፣ አያስገባም» ይልሃል፤ እሺ እንዳትል! ውሃ የሚገባው በመርፌው ቀዳዳ ነው። እኔን እንዲህ ብሎ የሸኘኝ ሰው ሸራው ሲያፈስ መልሼ ብወስድለት ለማየት እንኳ አልፈለገም። ስፌቱ በጎን ይውረድ፣ 3 ሳንቲሜትር ይደራረብ፣ ከላዩ ሲሊኮን ይቀባ።

2. ሁለት ግማሽ ኢንች የውሃ ቱቦ ቀስት አድርገህ አጉብጥና አቆላልፋቸው፤ ሸራው ከቴሌስኮፑ 7 ሳንቲሜትር ያህል ይራቅ። አናቱ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃ ያቁራል፣ በረዶም ይከመርበታል። የታችኛው ጫፍ ከወለሉ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል። ከአናቱ ሥር በግራና በቀኝ የመስኮት ወንፊት የለበሱ መተንፈሻዎች ክፈት፤ ዝናብ እንዳይገባ ከላያቸው ክዳን ይሰፋ። አየሩ ከታች ገብቶ ከላይ ካልወጣ የቀረው ልፋት ከንቱ ነው።

3. ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጥራጥሬ) ሸራው ሥር አትበትን፤ አየር በሚመላለስበት ቦታ ወዲያው ይጠግባል። ቦታው ሁለቱም ጫፎቹ በተከደኑ የቴሌስኮፑ ቱቦ ውስጥ ነው፣ 50 ግራም ይበቃል፤ ቀለሙ ሲቀየር በ120 ዲግሪ ሁለት ሰዓት ምድጃ ውስጥ አድርቀው። ከሸራው ሥር የሚሠራው ትንሽ ሙቀት ነው። 15 ኦም፣ 25 ዋት የሚችል አልሙኒየም ለበስ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት የሚሞቅ ዕቃ) በ12 ቮልት 10 ዋት ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ብረት ላይ እሰረው፣ ከጨርቁ 30 ሳንቲሜትር አርቀው፣ ፊውዝም አትርሳ። ዓላማው ማሞቅ አይደለም፤ መስታወቱ ከውጪው አየር 3 ዲግሪ ያህል ከሞቀ ጤዛ አይዝም። መብራት ሲጠፋ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሳይጎዳ 4 ሰዓት ያህል ይይዝልሃል።

አንድ እርጥበት መለኪያ ከውስጥ፣ አንድ ከውጪ ስቀል። የውስጡ ለቀናት ከውጪው በልጦ ከቆየ መተንፈሻውን አስፋ። ሰማይ ስታይ አድረህ ጤዛ የለበሰውን የቴሌስኮፑን ቱቦ ወዲያው አትክደን፤ ሬዚስተሩን አብርተህ፣ ሸራውን አልብሰህ፣ ደርቆ ሲያልቅ ክደነው። እንደዚህ ካደረግኩት ሦስተኛ ክረምቱ ነው፤ አዲሱ መስታወት ላይ አንዲት ነጥብ የለችም።