ሸሚዝም ይተኮሳል፣ ጠመንጃም ይተኮሳል

ጥያቄ፦ የስምንት ዓመቷ ልጄ ሸሚዝ ስተኩስ አጠገቤ ቆማ፣ «እማዬ፣ ወታደርም ይተኩሳል፣ አንቺም ትተኩሻለሽ፤ ምናችሁ ይመሳሰላል?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። ሁለቱ በአጋጣሚ ነው የተመሳሰሉት ወይስ የቃሉ ምንጭ አንድ ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ልጅዎን ይሳሙልኝ። ጥያቄዋ በጣም ደስ ይላል።

ቃሉ አንድ ነው። «ተኮሰ» ሲባል ቶሎ የሚታየኝ የጋለ ብረት ነው። ልጅ ሆኜ የበሬ እግር ሲያብጥ ሽማግሌዎች ማጭድ ፍም ውስጥ ይከታሉ። ሲግል እብጠቱ ላይ ጫን ያደርጉታል። ቸስ ይላል። መተኮስ ማለት ይኸው ነው። ካውያም ያው የጋለ ብረት ነው። «ትኩስ» እና «ትኩሳት»ም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ጠመንጃስ? የዛሬ ተኳሽ ጣቱ የሚነካው ቀዝቃዛ ምላጭ ነው። የጥንቱ ግን እንዲህ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ የእጅ መድፎች ምላጭ የላቸውም። ባሩዱንና አረሩን በአፈሙዛቸው ይጎርሳሉ። ከኋላ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ተኳሹ የጋለ ብረት ወይም የሚጤስ ፈትል እዚያች ቀዳዳ ላይ ያስነካል፤ ልክ እንደዚያ ማጭድ። በ15ኛው መቶ ዘመን ደግሞ ፈትሉን የሚይዝ፣ እንደ እባብ የተጣመመ ብረት ተሠራ። ምላጩ ሲሳብ ብረቱ ጎንበስ ይልና ፍሙን ከጠመንጃው ጎን ባለች ጽዋ ውስጥ ካለው ባሩድ ጋር ያገናኘዋል።

በ16ኛው መቶ ዘመን እኛ አገር ጦር ሜዳ ላይ የታየው ይሄ ባለ ፈትል ጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1541 ከክሪስቶቫው ዳ ጋማ ጋር ምጽዋ የወረዱት 400 ያህል ፖርቱጋሎች ይዘውት ነበር። ለኢማም አሕመድ የመጡት የኦቶማን ነፍጠኞችም እንደዚሁ። የአገሬው ሰው ያየው እሳት የሚያስነካ ሰው ነው። ለዚህ ደግሞ በእጁ የነበረው ቃል «ተኮሰ» ነው ብዬ አምናለሁ።

«ነፍጥ»ም የሚመሰክረው ለእሳቱ ነው። ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። እዚያ መጀመሪያ ከመሬት የሚወጣ ተቀጣጣይ ዘይት ማለት ነበር፤ ቆይቶ ለባሩድም ተባለ። እኛ ጋ ሲደርስ መሣሪያው ራሱ ሆነ። ማደያ ሄደን የምንቀዳው «ናፍጣ» በጣሊያንኛ በኩል ዞሮ የመጣ ዘመዱ ነው።

ፈትሉ ችግር ነበረበት። ዝናብ ያጠፋዋል፤ በጨለማ ፍሙ ባለቤቱን ያጋልጣል። በ1500 ገደማ አውሮፓ ውስጥ እንደ ሰዓት በቁልፍ የሚጠመዘዝ መንኮራኩር ያለው መጣ፤ ግን ውድ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ ባልጩት ከብረት እያጋጨ ብልጭታ የሚያወጣው ተሠራ፤ እሱ 200 ዓመት ገደማ ቆየ። ከዚያ የስኮትላንዱ ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት ተነሱ። አደን ይወዱ ነበር። ወፎቹ ግን የጽዋዋን ብልጭታ ያዩና አረሩ ሳይደርስባቸው ያመልጧቸዋል። እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1807 ሲመታ በሚፈነዳ ኬሚካል የሚሠራ መቀጣጠያ በስማቸው አስመዘገቡ። ኋላ እሳቱ ጭራሽ ጥይቱ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ይዞት የመጣው ስናድር እንዲህ ያለ ነው። ፈትሉ ቀርቷል፤ «ተኮሰ» ግን አልቀረም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ባሩዱ ጽዋዋ ላይ ቦግ ብሎ ውስጥ ያለው ሳይያያዝ ሲቀር ጠመንጃው ከሸፈ ይባላል። ስለዚህ «የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው ከሸፈ» ጥሩ አማርኛ ነው፤ ተሞክሯልና። «ስብሰባው ሳይጠራ ከሸፈ» ሲባል ግን አይጥመኝም። ያልተጫረ ነገር እንዴት ይከሽፋል? «ሳይጠራ ቀረ» በቂ ነው።

ለልጅዎ ሲነግሯት ከማጭዱ ይጀምሩላት፤ ቀጥሎ ካውያውን ያሳዩዋት። ጠመንጃውን ከዚያ በኋላ ራሷ ትደርስበታለች።