ሁለተኛውን ስለኩስ የመጀመሪያው ይደክማል

«ባለ አራት በርነር የጋዝ ምድጃ አለኝ። አንዱን ብቻ ስለኩስ ምንም አይልም። ሁለተኛውን ስጨምር ሁለቱም ወዲያው ይደክማሉ። ሦስተኛው ላይማ የሻማ ያህል ነው። ጋዙ አልቆ ይሆናል ብዬ ሲሊንደር ቀየርኩ፤ ያው ነው። ጎረቤቴ ‹የኖዝሎቹን ቀዳዳ በመርፌ ሰፋ አድርገው› አለኝ። ላድርገው?»

መርፌውን ይመልሱት ወንድሜ። ኖዝል ማለት ጋዙ ወደ በርነሩ የሚወጣበት ትንሽ የናስ ቁራጭ ነው፤ ለምን በመርፌ እንደማይነካ እመለስበታለሁ።

የመልሱ ግማሽ እዚያው ጥያቄዎ ውስጥ አለ። ብዙ ሰው «እሳቱ ደከመ» ብቻ ብሎ ይጽፍልኛል። እኔም መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ አንዱ በርነር ነው ወይስ ሁሉም? አንዱ ብቻ ከሆነ ችግሩ እዚያው በርነሩ ላይ ነው። ሁሉም ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጋዙ ምድጃው ጋ ሳይደርስ ነው የሚታነቀው። የእርስዎ ደግሞ ከዚህም የበለጠ ግልጽ ነው። አንዱ ለብቻው ደህና ይነድዳል፤ ስለዚህ ጋዝ ይመጣል። ለሁለት ግን አይበቃም። የሆነ ቦታ መንገዱ ጠቧል ማለት ነው። አራት ኖዝል ደግሞ ተነጋግሮ በአንድ ሰሞን አይደፈንም።

ከቀላሉ ይጀምሩ። ማዞሪያዎቹን በሙሉ ዝጉ፤ ሲሊንደሩንም ዝጉ። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው የሲሊንደሩን ቫልቭ ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ይክፈቱት። አንዳንድ ሬጉሌተሮች (ሲሊንደሩ አፍ ላይ የሚገጠሙት የግፊት መቀነሻዎች) ጋዝ በድንገት በብዛት ሲያልፍ የሚዘጋ መከላከያ አላቸው። የምድጃው ማዞሪያ ተከፍቶ እያለ ሲሊንደሩን በአንድ ጊዜ የከፈተ ሰው መከላከያውን ይቀሰቅሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጭላንጭል ብቻ ነው። ይህ ሙከራ ወጪ የለውም።

ካልተስተካከለ ሲሊንደሩን መልሰው ዘግተው ምድጃውን ሳብ ያድርጉትና ጋዙን ከሲሊንደሩ የሚያመጣውን ጎማ ይዩ። ብዙ ቤት ስጠራ ያገኘሁት ይህንኑ ነው፤ ጎማው ተጣጥፏል፣ ወይም የምድጃው እግር ቆሞበታል። ከውጭ ደህና የሚመስልም ከውስጥ አርጅቶ ሊጠብ ይችላል። ጎማው ላይ የታተመውን ቀን ይፈልጉ። ጊዜው ካለፈ ወይም ሲያጥፉት ከተሰነጣጠቀ አይመርምሩት፣ ይቀይሩት።

ጎማው ጤነኛ ከሆነ የምጠረጥረው ሬጉሌተሩን ነው። ሥራው በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ከፍተኛ ግፊት ወደ 30 ሚሊባር አካባቢ ማውረድ ነው። ውስጡ ያለው ላስቲክ ከጊዜ ብዛት ይደርቃል፤ ያኔ ለአንድ በርነር የሚበቃ ጋዝ ያሳልፋል፣ ለሦስት ግን አይችልም። ሬጉሌተር ፈትቶ መጠገን የሚባል ነገር እኔ አላውቅም፤ ይቀየራል። አዲሱን ሲገዙ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ግፊቱ ምድጃዎ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። በሰዓት ስንት ጋዝ እንደሚያሳልፍም ተጽፏል። አንድ ኪሎ ጋዝ ወደ 13 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ ሁሉም በርነር ተደምሮ 8 ኪሎዋት የሆነ ምድጃ በሰዓት ከ600 ግራም ትንሽ በላይ ይፈልጋል። በሰዓት 1 ኪሎ የሚያሳልፍ ከበቂ በላይ ነው። «ከበድ ያለ ይሁንልኝ» ብለው ለትልልቅ ማብሰያ የሚሆነውን የከፍተኛ ግፊት ሬጉሌተር እንዳይገጥሙ። እሳቱ ይጨምራል፤ አደጋውም አብሮ ይጨምራል።

ጎማም ሆነ ሬጉሌተር ከቀየሩ በኋላ ሲሊንደሩን ከፍተው መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይቀቡ። አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያፈሳል። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው አይቻለሁ፤ እባካችሁ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ቆሞ ለሚያሸት ሰው ቶሎ ላይታወቀው ይችላል።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ እሳቱ መጀመሪያ ደህና ሆኖ ቆይቶ የሚደክም ከሆነና ሲሊንደሩ ላይ ጤዛ ወይም በረዶ ከታየ፣ ሲሊንደሩ ቀዝቅዟል። ጋዙ ከፈሳሽነት ወደ ትነት ሲለወጥ ሙቀት ይወስዳል። አጥፍተው ትንሽ ያሳርፉት። እሳት አጠገብ ማስጠጋትም ሆነ ማጋደም የለም።

አሁን ወደ መርፌው። የኖዝል ቀዳዳ ከ1 ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ምን ያህል ጋዝ እንደሚወጣ የሚወስነውም እሱ ነው። ናስ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ብረት መርፌ ይበላዋል። ሥራ ስጀምር እኔም ሞክሬዋለሁ። እሳቱ በእርግጥ ከፍ አለ፤ ግን ቢጫ ሆነ፣ የድስቱም ቂጥ ከሰል መሰለ። ጋዙ በዛ፣ አየሩ አነሰ። እንዲህ ያለ እሳት ሽታ የሌለውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያመጣል። ኖዝሉንም ጣልኩት።

በእርግጥ የተደፈነ ኖዝል ሲያጋጥም፣ ማለትም አንዱ በርነር ብቻ ሲደክም፣ ሲሊንደሩን ዘግተው ብዙ ጊዜ በ7 ቁጥር ቁልፍ ይፈቱታል። ሙቅ ውሃና ሳሙና ውስጥ ዘፍዝፈው በአየር ይንፉት፤ ወደ ብርሃን አቅንተው ቀዳዳው ክብ ሆኖ መታየቱን ይዩ። ኖዝሎቹ ላይ ቁጥር አለ፤ 65 ማለት 0.65 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ከፈቱ የትኛው ከየት እንደወጣ ይጻፉ። የትልቁ በርነር ትንሹ ላይ ከገባ በሌላ ጥያቄ ተመልሰው ይመጡብኛል።