እርጥብ አፈር ላይ የሚጠወልግ አበባ

አዳማ፣ 6ኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናት ጠይቀውኛል። በረንዳቸው ጫፍ ላይ ሦስት የሲሚንቶ ሳጥን አለ፤ አበባው ጠዋት ጠዋት ውኃ እየጠጣ ይጠወልጋል፣ ቅጠሉም ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል። ታች ያሉት ጎረቤት ደግሞ «ኮርኒሴ ራሰ» እያሉ ነው። ነፋሱም ያስቸግራቸዋል።

ሳላየው ልናገር፦ ሥሩ በውኃ ታፍኗል። የባለ 6 ሚሊሜትር ፌሮ (የግንባታ ብረት) ቁራጭ እስከ ታች ሰክተው ያሽትቱት፤ ቦይ ቦይ ከሸተተ በቃ፣ ውኃ ማጠጣቱን ያቁሙ።

ከሁሉ በፊት ግን ክብደቱን ያስቡ። በላኩት ልክ (100 በ40 በ50 ሳንቲሜትር) አንዱ ሳጥን 200 ሊትር አፈር ይይዛል። አፈሩ የራሰ ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ሲሆን ሦስቱ አንድ ቶን ያልፋሉ። በረንዳ ከግድግዳ የወጣ ክንድ ነው፤ ጫፉ ላይ አይጫንም!

የተከለልዎ ሰው «ውኃ ያሳልፋል» ብሎ ከታች ጠጠር ሞልቷል። ይህን ስንቱ ቤት አየሁት! የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውኃ ያጠጡና በጠፍጣፋው ይያዙት። መንጠባጠቡን ሲያቆም ሳይጨምቁ በቁመቱ ያቁሙት፤ እንደገና ይንጠባጠባል። የታችኛው ክፍል ውኃውን ይዞ ቀርቶ ነበር ማለት ነው። አፈርም እንደዚያው ነው፤ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ውኃ የሚወርደው አፈሩ ጠግቦ ሲተርፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠጠሩ ውኃውን አላወጣውም፤ የራሰውን ክፍል ወደ ሥሩ ከፍ አደረገው እንጂ።

ጠጠሩንም ዋልካውንም ያውጡ። ለብሎኬት የሚገባውን ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ነፍተው ሁለት እጅ፣ የበሰለ ኮምፖስት አንድ እጅ፣ ቀይ አፈር አንድ እጅ ይቀላቅሉ። የሲሚንቶውን ሳጥን ይተዉና ወፈር ያለ የፕላስቲክ ሳጥን ይግዙ፤ በ12 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ታቹን ይብሱት። ስሱ ርካሽ ፕላስቲክ የአዳማን ፀሐይ አይችልም፣ ጠርዙን ሲይዙት እጅዎ ላይ ይፈረከሳል። አዲሶቹን በግድግዳው ሥር ይደርድሩ፣ ጫፍ ላይ አይደለም።

የጎረቤትዎ ኮርኒስ ሌላ ጣጣ ነው። ሴራሚክ ላይ ሬንጅ የቀባልዎ ሰው ገንዘብዎን ወስዷል እንጂ አልሠራም። ሴራሚኩ ይነሳ፤ ወለሉ በሜትር 2 ሳንቲሜትር ወደ ውኃ መውረጃው ይዝመም፤ የውኃ መከላከያው ግድግዳው ላይ 15 ሳንቲሜትር ይውጣ። ከዚያ መውረጃውን ደፍነው ማፍሰሱን ለማየት 3 ሳንቲሜትር ውኃ ለ24 ሰዓት ያቁሙ፤ ይህም ሳጥኖቹ ከተነሱ በኋላ ብቻ።

ስለ ነፋሱ፦ የነፋስ ተርባይን የተተከለበት ከተማ ነው፣ ሌላ ምን ልበል። በቆርቆሮ አይጋርዱ፣ ነፋሱ ዘሎት ይሽከረከራል፤ መረብ ይሻላል። ቡገንቪላ፣ እሬትና የጥብስ ቅጠል ይችሉታል። ከብረት አጥሩ በውጭ በኩል ግን አንድም ዕቃ እንዳይሰቅሉ፤ ታች ልጆች ይጫወታሉ።

አሮጌውን አፈር በግማሽ ጆንያ እያደረጉ በደረጃ ያስወርዱት። በገመድ በበረንዳው በኩል «ቶሎ እናውርደው» የሚል ሠራተኛ ካለ ሒሳቡን ሰጥተው ያሰናብቱት።