ጃንጥላውን ተይው፣ ጥላውን ልበሺው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት አባላት ባጭሩ ልድገመው። ለፋሲካ ከቨርጂኒያ ከባለቤትሽና ከአሥር ዓመት ልጅሽ ጋር ልትመጪ ነው። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ፣ ከዚያም ባሕር ዳር ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) መቅዘፍ አስባችኋል። ካያክ ላይ የሚገጠም ጃንጥላ ወይም ትንሽ የሸራ ጣሪያ ገዝተሽ ብትመጪ ያዋጣ እንደሆነ ነው የጠየቅሽው። አንዳንዶች «ለሐበሻ ቆዳ ፀሐይ ምኑ ነው?» ብለው አልፈውታል። እኔ ግን ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። ቢሾፍቱና ላንጋኖ ላይ ለዓመታት ቀዝፌያለሁ፤ ጣናንም አውቀዋለሁ።

ጃንጥላውን ተይው። የሸራ ጣሪያውንም እንዲሁ። ካያክ ቀላል ነው፤ ከውሃው በላይ ያለው አካሉም ዝቅ ያለ ነው። ነፋስ የሚይዘው ነገር ስለሌለው ነው በቀላሉ የሚታዘዝልሽ። ከራስሽ በላይ ሸራ ስትዘረጊ ይሄ ሁሉ ይበላሻል። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ካያኩ ይጋደላል፤ ከፊት ሲመጣ ወደ ኋላ ይገፋሻል። ከተገለበጣችሁ ደግሞ ሸራው ውሃ ይሞላና ካያኩን መልሶ ማቃናት ከባድ ይሆናል። በእጅ የሚያዝ ጃንጥላማ ጭራሽ አይታሰብም፤ መቅዘፊያው ሁለቱንም እጅ ይፈልጋል። እነዚያ ጣሪያዎች የሚጠቅሙት በሰፊ ካያክ አንድ ቦታ ቆመው ዓሣ ለሚያጠምዱ ሰዎች ነው፤ እሱም ነፋስ በሌለበት ቀን።

አሁን ወደ ፀሐይዋ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፀሐይ በሰኔ እንኳን አናት ላይ ቀጥ ብላ አትወጣም። እኛ ጋ ግን በዓመት ሁለቴ ትወጣለች። ቢሾፍቱ ላይ አንደኛው ጊዜ በሚያዝያ መጀመሪያ ነው፤ ጣና ላይ በሚያዝያ አጋማሽ። የእናንተ መምጫ ማለት ነው። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። ባቦጋያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፣ ጣና ወደ 1,800 ሜትር ናቸው። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር (አልትራቫዮሌት) በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ችግሩ ቢሾፍቱ ጠዋት አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሰው ደግሞ ፀሐይን የሚለካው በሙቀት ነው። ጨረሩ ሙቀት የለውም። ስስ ደመናንም አልፎ ይመጣል።

ስለ ቆዳችን የተባለው ግማሹ እውነት ነው። ጥቁር ቆዳ በተፈጥሮው የተወሰነ መከላከያ አለው፤ እንደ ነጭ ቆዳ ቶሎ አይቃጠልም። ግን ይቃጠላል። ቅላቱ ስለማይታይ ብቻ ዘግይተን ነው የምናውቀው፤ ማታ ሻወር ስንወስድ ሲለበልበን። ፊት ላይ የሚቀረውን ማድያትም ፀሐይ ያብሰዋል። ዓይን ደግሞ የቆዳ ቀለም አያድነውም። የዓይን ሞራ ከሚያስከትሉት ነገሮች አንዱ ለዓመታት የተጠራቀመ ፀሐይ ነው።

እንግዲህ ጥላ ከየት ይምጣ? ከሁሉም በፊት ከሰዓቱ። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያለውን ለምሳና ለእረፍት ተዪው። ፀሐይ የምትበረታው 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ሰዓት ማየት ካልፈለግሽ መቅዘፊያውን ዳርቻው ላይ ቀጥ አድርገሽ አቁሚው። ጥላው ከራሱ ከመቅዘፊያው ካጠረ፣ ፀሐይዋ በርትታለች። በፋሲካ ሰሞን ይሄ የሚሆነው 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ላይ ሁኑ፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ውጡ። ሦስት ሰዓት ለልጅም ለአዋቂም በቂ ነው። ጠዋቱን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ላንጋኖም ጣናም ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳባቸዋል፣ ማዕበሉም ያስቸግራል። የጣና ጀልባ ነጂዎች መንገደኛን በጠዋት ተነሱ የሚሉት በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው ጥላ ሐይቁ ራሱ የሚሰጣችሁ ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ባቦጋያና አብዛኞቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኙ ናቸው፤ ዙሪያቸው ገደል ነው። ጠዋት ፀሐይ ከምሥራቅ ስትወጣ የምሥራቁ ገደል ከሥሩ ያለውን ውሃ ይጋርደዋል። አመሻሽ ላይ ደግሞ የምዕራቡ ዳር ቀድሞ ይጠላል። ገደሉ ከፍ ባለበት በኩል ጥላው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። እኔ ባቦጋያ ላይ ጠዋት መሐል ሐይቁን ቆርጬ አልሄድም። በምሥራቁ ዳር ጥላውን ተከትዬ እቀዝፋለሁ፤ ጥላው እያጠረ ሲመጣ ወደ መውጫዬ እዞራለሁ። ወፎቹም ዛፎቹም እዚያው ዳር ላይ ናቸው፤ ለልጅሽ ከመሐሉ የበለጠ የሚታይ ነገር አለ። ወንጪ ሐይቅ ብትሄዱም በዚሁ መንገድ ነው፤ እሱ ግን ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሆነ ብርዱ እንዳያታልላችሁ።

ጣና ላይ ይሄ ምክር አይሠራም፤ እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የምልሽ። ደንገሉ ሥርና የዛፎቹ ጥላ ያጓጓል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ግን ጉማሬ አለ። ጉማሬም ቆዳው ፀሐይ አይችልም፤ ቀን ቀን ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው። አንቺ ጥላ ብለሽ የምትጠጊበት ቦታ የሱ ማረፊያ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር ላይ የአካባቢ ሰው ሳይመራችሁ አትቅዘፉ፣ ደንገል ውስጥም አትግቡ። ሐዋሳም ጉማሬ ስላለ ያው ነው። ለማረፍ ሲያምራችሁ ሰው ጀልባ የሚያስጠጋበት ቦታ ውረዱና የብስ ላይ ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

ሦስተኛው ጥላ ልብስ ነው። ከጃንጥላው የሚሻለው እሱ ነው፤ አብሮሽ ይሄዳል፣ ነፋስ አይወስደውም። የምልሽ ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪና ሰፊ ባርኔጣ ነው። ጨርቁ ላይ ዩፒኤፍ 50 የሚል (ጨርቅ ፀሐይን የሚከላከልበት መለኪያ ነው) ካገኘሽ፣ ከጨረሩ የሚያሳልፈው 2 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። ነጭ የጥጥ ቲሸርት ግን ብዙ ያሳልፋል፤ ሲረጥብ ይብስበታል። ካያክ ላይ ደግሞ ውሃ ከመቅዘፊያው እየተንጠባጠበ መርጠብ አይቀርም። ቶሎ የሚደርቅ ፖሊስተር ይሻላል። ውድ መሆን የለበትም። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተሽ እዪው፤ እጅሽ በዚያ በኩል ከታየሽ ፀሐይም ያልፍበታል። ነጠላ ይሄን ፈተና አያልፍም። በዚያ ላይ ዘርፉ መቅዘፊያውን ይተበትበዋል፣ ውሃ ውስጥ ከወደቅሽ ደግሞ ይጠመጠምብሻል። ነጠላውን ለቤተ ክርስቲያን አስቀምጪው።

ባርኔጣው ዙሪያውን ሰፊ ይሁን፤ ኮፍያ ጆሮና ማጅራትን ይተዋል። ሁለት ነገር ተመልከቺ። አገጭ ሥር የሚታሰር ገመድ ይኑረው። ከኋላ ደግሞ ጠርዙ የሚታጠፍ ለስላሳ ይሁን፤ ደረቅ ከሆነ የላይፍ ጃኬቱ አንገት እየገፋ ዓይንሽ ላይ ይደፋዋል። ሰው ተናዶ ባርኔጣውን የሚያወልቀው በዚህ ነው። የጠርዙ የታችኛው ገጽ ጠቆር ያለ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከውሃው የሚነሳውን ነጸብራቅ መልሶ ፊትሽ ላይ አያበራውም። ለዚሁ ነጸብራቅ ፖላራይዝድ መነጽር ይዛችሁ ኑ፣ በገመድ የታሰረ።

ሰው የሚረሳቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፦ የእጅ ጀርባ፣ ጭንና የእግር ጣቶች ላይኛው በኩል። ስትቀዝፊ የእጅሽ ጀርባ ሁልጊዜ ወደ ሰማይ ነው። ጭንሽ ደግሞ ሳይንቀሳቀስ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይቆያል። ቁምጣ ለብሰው የሚወጡ ሰዎች ማታ መቀመጥ የሚያቅታቸው ለዚህ ነው። ጣቱ የተቆረጠ ስስ ጓንት ለእጅ፣ ሱሪ ለጭን፣ ለእግር ደግሞ ድፍን ጫማ።

የፀሐይ መከላከያ ክሬሙ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ልብስ ላልደረሰበት ቦታ። ኤስፒኤፍ (የክሬሙ የመከላከል አቅም መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ውሃ የሚቋቋም። ከመውጣታችሁ 15 ወይም 20 ደቂቃ በፊት ቀቡት፣ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙት። መዳፋችሁን ጥረጉት፣ አለበለዚያ መቅዘፊያው ያዳልጣል። ግንባር ላይ ብዙ አትቀቡ፤ ከላብ ጋር ዓይን ውስጥ ይገባል። ግንባርን ባርኔጣው ይሸፍነዋል። የትንኝ መከላከያ ከተቀባችሁ ክሬሙ ይቅደም፣ እሱ ይከተል።

አንድ ነገር አደራ። ብዙ ዲያስፖራ ወደ ባሕር ዳር ወይም ስምጥ ሸለቆ ሲሄድ ለወባ መከላከያ ዶክሲሳይክሊን ይታዘዝለታል። ይሄ መድኃኒት ቆዳን ለፀሐይ እጅግ ስሱ ያደርጋል። ከታዘዘላችሁ ካያክ እንደምትቀዝፉ ለሐኪማችሁ ንገሩት፤ ሌላ አማራጭ ሊሰጣችሁ ይችላል።

ማጅራት ላይ እርጥብ ሻሽ ማድረግ በጣም ያቀዘቅዛል። ጣና ላይ ግን ሻሹን ሐይቁ ውስጥ አትንከሩት። ቢልሃርዚያ የሚባለው በትል የሚመጣ በሽታ ያለበት ውሃ ነው፣ ትሉ በቆዳ ነው የሚገባው። ከጠርሙሳችሁ አርጥቡት። የሚጠጣ ውሃም እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ ከኋላ ከታሰረ ማንም ፈትቶ አይጠጣም።

ስለ ልጅሽ ደግሞ። ፊት ላይ ተቀምጦ ብዙም የማይቀዝፍ ልጅ ስለማይደክመው «ደህና ነኝ» ይላል። ፀሐዩን ግን ከናንተ እኩል ይቀበላል። ልብሱ እንደ እናንተው ይሁን። ዝም ካለ፣ ራሱን ካመመው ወይም ካቅለሸለሸው ወዲያው ወደ ዳር ውጡ፣ ጥላ ሥር አስቀምጡትና ቀስ እያለ ይጠጣ።

ክሬሙን፣ መነጽሩንና የልጁን ረጅም እጅጌ ከዚያው ገዝታችሁ ኑ፤ እዚህ ክሬም ፋርማሲ ይገኛል ግን ውድ ነው። ካያክ የምትከራዩበት ቦታ ቀድማችሁ ደውሉና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ለልጅሽ ልክ የሚሆን ላይፍ ጃኬት አላቸው ወይ፣ ጠዋትስ ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው ካያክ የሚያወጡት? «ከ3 ሰዓት በኋላ ነው» ካሏችሁ ጠዋቱን ተዉትና ከ10 ሰዓት በኋላ ያዙ፤ ባቦጋያ ላይ ከሆነ በምዕራቡ ዳር። ነፋሱ ከበረታ ግን የዚያን ቀን አትግቡ።