የሳልሳ ዳንስ ብቻዬን ልጀምር ወይ ላልሽው እህቴ

የለጠፍሽውን አየሁት። ሰንጋ ተራ ባንክ ቤት እሠራለሁ፣ ዕድሜዬ 34 ነው፣ ከሠርግ ውጪ ጨፍሬ አላውቅም፣ አብሮኝ የሚሄድ ሰው የለኝም፣ ስንት ወር ከተማርኩ በኋላ ነው ሶሻል፣ ማለት የዳንስ ምሽቱ ላይ፣ የምሄደው፣ ለሴት ልጅስ ቦታው እንዴት ነው ብለሻል። ከታች "ዩቲዩብ ይበቃሻል" ያለሽን ሰውዬ እርሺው። ዩቲዩብ እጅ አይዝም።

ከጥንዱ ልጀምር። አያስፈልግም። ክላስ ውስጥ በየጥቂት ደቂቃው ሰው ይቀያየራል፣ አስተማሪው "ቀይሩ!" ሲል ወደ ቀጣዩ ትሄጃለሽ። እንዲያውም ወደኋላ የሚቀሩት ፍቅረኛቸውን ይዘው መጥተው አንቀያየርም የሚሉት ናቸው። እሱ ሲሳሳት እሷ ስህተቱን ለምዳ ትሸፍንለታለች፣ ሁለቱም የቻሉ ይመስላቸዋል፣ ሌላ ሰው እጅ ላይ ሲገቡ ነው ጉዱ የሚወጣው። ጭቅጭቃቸውን ማየት ግን በነፃ ነው።

ስንት ወር ላልሽው ደግሞ ብዙ አትጠብቂ። መሠረታዊ እርምጃውንና የቀኝ ዙሩን ከያዝሽ ሂጂ። ሶሻል ማለት እኮ ትምህርት የሌለበት፣ ሰው ዝም ብሎ የሚደንስበት ምሽት ነው፣ ፈታኝ የለም። ሙዚቃው በስምንት ይቆጠራል። 1፣ 2፣ 3 ትረግጫለሽ፣ 4 ላይ ታርፊያለሽ፣ 5፣ 6፣ 7 ትመለሻለሽ፣ 8 ላይ እንደገና እረፍት። የሎስ አንጀለሱ ስልት አቅጣጫ የሚቀይረው 1 ላይ ነው፣ የኒውዮርኩ 2 ላይ፣ የኩባው ደግሞ መስመር ሳይጠብቁ እርስ በርስ እየተዟዟሩ የሚደንሱት ነው። የመጀመሪያ አስተማሪሽ የሚያስተምረውን ያዢ። የቱ ይበልጣል የሚለው ክርክር ውስጥ ግን እንዳትገቢ፣ ከአርሰናልና ማንቼ ክርክር አይተናነስም።

እኛን የሚያስቸግረን ጆሯችን ነው። ሠርግ ላይ የለመድነው ችክችካ በሦስት በሦስት የሚሄድ ነው፣ ሙዚቀኞቹ ስድስት ስምንተኛ የሚሉት። ሳልሳ ግን አራት አራተኛ ነው። በዚያ ላይ ቤዝ ጊታሩ ብዙ ጊዜ 1 ላይ አይመታም፣ ቀደም ብሎ ይገባል፣ እሱን ከተከተልሽ መንገድ ላይ ትቀሪያለሽ። ደወሏን ስሚ። ዘፈኑ ሞቅ ሲል የምትገባ የብረት ደወል አለች፣ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ላይ ጎላ ብላ ትሰማለች። ታክሲ ውስጥ ማዳመጫሽን ሰክተሽ ከሜክሲኮ እስከ አራት ኪሎ ጉልበትሽ ላይ በጣትሽ እየመታሽ ቁጠሪ፣ የጎንሽ ሰው ምን ነካት ቢል ይበል። ምቱ ደግሞ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በፈረንጆቹ 1966 ኒውዮርክ ሆኖ የኛን ዜማ ከላቲን ምት ጋር ቀላቅሎ በሸክላ አስቀርጿል። ኢትዮ ጃዝ ውስጥ ኮንጋ የሚባለውን ከበሮ ስትሰሚ እሱን አስቢ።

ከጆሮ ቀጥሎ ትከሻ ነው። በእስክስታ ያደገ ሰው ሙዚቃ ሲሰማ ትከሻው ቀድሞ ይሄዳል። ሳልሳ ላይ የሚመራሽ ሰው መልእክት የሚመጣልሽ በእጅ በኩል ስለሆነ ትከሻሽ ከተንቀጠቀጠ ምንም አይደርስሽም። ወገብሽን ለማወዛወዝም አትታገይ፣ ጉልበትሽን አጠፍ ዘርጋ እያደረግሽ ክብደትሽን ከእግር ወደ እግር ካዛወርሽ ወገብ ራሱ ይመጣል። ሻይን የሚባለው፣ እጅ ለቀቅ አድርገው ለየብቻ የሚደንሱበት ቦታ ሲደርስ ግን ትከሻሽን ልቀቂው! እዚያ ላይ ማንም ፈረንጅ አይደርስብሽም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኔ ባየሁት የኛን ሰው ከሳልሳ የሚያስቀረው ይሉኝታ ነው። ሴቷ እጇን እየጠመዘዘ የሚያዞራትን ሰው አንድ ዘፈን፣ ሁለት ዘፈን፣ ሦስት ዘፈን ትታገሠዋለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግን አትመጣም። ወንዱ እምቢ ብትለኝስ ብሎ ቢራውን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ያመሻል። ጓደኛሞች ተሰብስበው ይመጡና አንድ ጠረጴዛ ከበው፣ እርስ በርስ ብቻ ደንሰው፣ "ሰዉ ይኮራል" እያሉ ይሄዳሉ። ማን ኮራ? ማንም አልጠየቃችሁም፣ እናንተም ማንንም አልጠየቃችሁም።

ስለዚህ ጠይቂ። ሴት ወንድ መጠየቋ እዚያ ምንም ነውር የለውም። እጅሽን ዘርግተሽ "እንደንስ?" ማለት ነው። እምቢ ለማለትም "አመሰግናለሁ፣ ይሄኛውን ልረፍ" ይበቃል። እግሬን አሞኝ ነው፣ ስልክ ልደውል ነበር እያልሽ ምክንያት አትደርድሪ። እምቢ ባልሽበት ዘፈን ወዲያው ከሌላ ሰው ጋር መነሳት ግን ደስ አይልም፣ ያንን አንድ ዘፈን ቁጭ በይ። ያስቸገረሽ ሰው ከሆነ ይሄም ሕግ አይሠራም፣ መሀል ላይም ቢሆን አመስግነሽ ጥለሽው ውጪ። ባቻታና ኪዞምባ የሚባሉት ሌሎች ዳንሶች ሲመጡ ጠጋ ተብሎ ነው የሚደነሰው፣ ካልፈለግሽ ለሳልሳው ብቻ ተነሺ፣ ማንም አይታዘብሽም። በጠቅላላው ለሴት ልጅ ከናይት ክለብ በጣም ይሻላል። ሰው ለመደነስ ስለሚመጣ ብዙው የሚጠጣው አምቦ ውሃ ነው። የቤቱ ባለቤቶች ፊት የሚጠቁረውም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የእጁን ነገር በደንብ ልንገርሽ፣ ክላስ ላይ ቶሎ ያልፉታል። ሊድ ማድረግ፣ ማለት መምራት፣ የሚችል ሰው እጅሽን አይጨብጥም። ጣቶቹን ጎበጥ አድርጎ ያስቀምጥልሻል፣ አንቺ ጣቶችሽን ከላይ ታሳርፊያለሽ፣ አውራ ጣት ሥራ የለውም። 3 ላይ እጁ ከፍ ማለት ከጀመረ ለመዞር ተዘጋጂ ማለት ነው፣ 5፣ 6፣ 7 ላይ ዞረሽ ትጨርሻለሽ። አውራ ጣቱን እጅሽ ጀርባ ላይ የተከለ ሰው ግን ሲያዞርሽ የእጅሽ አንጓ አብሮ ይዞራል። "አውራ ጣትህን ላላ አድርግልኝ" በይው። አብዛኛው ወንድ ነግረውት ስለማያውቅ ነው፣ ደንግጦ ይቅርታ ይልሻል። አንቺም ብትሆኚ እጁ ላይ አትንጠልጠይ።

ዕድሜዬ ላልሽው እኔ የማውቃቸው አንድ ጋሼ አሉ። በደርግ ጊዜ በልጅነታቸው ለትምህርት ወደ ኩባ ከተላኩት ናቸው። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው የትግላችን ሐውልት ለኢትዮጵያውያኑ ብቻ ሳይሆን ሶማሊያ ስትወርረን እዚህ መጥተው ለሞቱት ኩባውያንም መታሰቢያ መሆኑን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ በዚያ በኩል ስናልፍ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ። ሳልሳ ላይ የሚያውቁት ዙር ከአራት ወይ ከአምስት አይበልጥም። አይቸኩሉም፣ ዘፈኑ ዝም ሲል ዝም ይላሉ፣ ደወሉ ሲገባ ፈገግ ብለው ይጀምራሉ። ሴቶቹ ተራ ይጠብቃሉ። ዩቲዩብ ላይ ያየውን ሁሉ በአንድ ዘፈን ሊጨርስ የሚሮጠው ጎረምሳ ደግሞ ብቻውን ላቡን ይጠርጋል።

ጫማ። ስኒከር ወለሉን ይይዛል፣ እግርሽ ሳይዞር ጉልበትሽ ይዞራል፣ በኋላ የምታለቅሺው በጉልበትሽ ነው። የማይጠብሽና ተረከዙ ዝቅ ያለ የቆየ ጫማ ካለሽ ለጫማ ሠሪ ወስደሽ ሶሉን ሻካራ ቆዳ አስለጥፊበት። የመርካቶ ልጆች ከነገርሻቸው ይገባቸዋል። ሴራሚክ ወለል ላይ ግን ቆዳ ሊያንሸራትት ይችላል፣ መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሪው። ቅያሪ ልብስ ያዢ። ምሳሽ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ሽሮ ከነበረ ማስቲካም ያዢ፣ አፍንጫችሁ መሀል ስንዝር እንኳን የለም።

ማታ ታክሲ ስለሚጠፋ በራይድ ወይም በፈረስ ነው የምትመለሺው። ክላስ ላይ በሰፈርሽ በኩል የሚሄድ ሰው አጠያይቂ፣ ብሩን ትካፈላላችሁ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ብዙው ሰው ስለማይደንስ ቤቱ ጭር ይላል፣ ያኔ ሄደሽ ሳልሳ እዚህ አገር ሞቷል እንዳትዪ። ከፋሲካ በኋላ መቆሚያ አይገኝም።

የቤት ስም ያልጠራሁት ሆን ብዬ ነው። ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ከፈረሰ ወዲህ ቦታው ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል፣ ዋጋውም እንደዚያው። በየትኛው ቀን እንደሚመችሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና ከሰንጋ ተራ የሚቀርብሽን እነግርሻለሁ።