ጉብታ ከመጠየቅዎ በፊት መንገዱ የማን እንደሆነ ያጣሩ

ጤና ይስጥልኝ። ልጆችዎ የሚማሩበት የኮምቦልቻ ትምህርት ቤት በባቲው አስፋልት ዳር እንደሆነ፣ ተሳቢ መኪናዎች በበሩ ሥር እንደሚያልፉ፣ በማዶ ያሉ አረጋውያንም ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ ለመሻገር እንደሚቸገሩ ገልጸው፣ «የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንዲሠራልን ለማን እናመልክት?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔ ደሴ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ጸሐፊ ሆኜ ይህንኑ ጉዳይ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ተከታትያለሁ። የእኛም መንገድ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ሐይቅ ከተማ የሚያልፈው ዋናው አስፋልት ስለሆነ፣ ችግራችን አንድ ነው ብዬ እነሣለሁ። ስለ አደጋው ክፋት አላወራዎትም፤ እሱን በየቀኑ እያዩት ነው።

1. መንገዱ የማን እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩ። ከተማን አቋርጦ የሚያልፍ አገር አቋራጭ መንገድ በፌዴራል ደረጃ በኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሥር ሲሆን፣ የውስጥ ለውስጡ መንገድ ግን የከተማው ነው። በከተማ ውስጥ የሚያልፈውን ክፍል ማን እንደሚጠግነውና ማን እንደሚፈቅድበት በጽሑፍ ሳያረጋግጡ የሚጻፍ ማመልከቻ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ይከርማል። በእኛ ሰፈር ይህ ሁሉ ጣጣ የሰለቻቸው ጎረቤቶች፣ እኔና ሁለት መምህራን ብንቃወምም፣ ገንዘብ አዋጥተው በዋናው መንገድ ላይ በሌሊት ሲሚንቶ አፍስሰው ጉብታ ሠሩ። ጉብታው እንደ ጉልት መደብ ቀጥ ብሎ የቆመ ስለነበር አንድ ባጃጅ ተሳፋሪዎቹን እንደያዘ ተገለበጠበት፤ ብዙም ሳይቆይ እንዲፈርስ ታዘዘ፤ ገንዘቡንም ድካሙንም ውሃ በላው። በሙያው ደንብ የተለመደው ክብ ጉብታ ከፍታው 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በመኪናው መሄጃ አቅጣጫ 3.7 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ መኪናውን ከፍ አድርጎ ቀስ ብሎ ያወርደዋል እንጂ አይመታውም። ከዚያ በኋላ በየቢሮው ስንገባ «እናንተ ናችሁ እንዴ ያንን የሠራችሁት?» የሚል ሰላምታ ነበር የሚቀበለን።

2. ጉብታ አይጠይቁ፤ መሻገሪያ ይጠይቁ። ከላይ ወደ ታች በሚወርድ መንገድ ላይ፣ ፍሬኑ የጋለበት የተጫነ መኪና ድንገት ጉብታ ቢያጋጥመው አደጋው ለልጆቹም ይተርፋል፤ ስለዚህ መሐንዲሱ «ቁልቁለት ላይ አይሆንም» ቢልዎት ሰውየው እውነቱን ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ነገር ግን ልጆቹና አረጋውያኑ በደህና መሻገራቸው ነው፤ ለዚህ ደግሞ ብዙ መንገድ አለ። ከሩቅ የሚያስጠነቅቅ ምልክት አለ፤ ጎማን የሚያንገጫግጩ ዝቅተኛ መስመሮች አሉ፤ መንገዱ ሰፊ ከሆነ አረጋዊው ግማሹን ተሻግሮ ቆሞ የሚያርፍበት የመካከል ደሴት አለ፤ መንገዱ ሜዳ ከሆነ ደግሞ ዜብራው ራሱ ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ከፍ ብሎ ሊሠራ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ለአሮጊት ጉልበት እጅግ ምቹ ነው፤ መውረድና መውጣት የለበትም።

3. ማስረጃ ይዘው ይሂዱ። ይህን ሦስተኛ ነጥብ ስጽፍ አሁንም ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ ረዘም ቢልብዎት ይታገሡኝ። በመጀመሪያው ማመልከቻችን ላይ «ልጆቻችን በአደጋ ላይ ናቸው» ከማለት በቀር የረባ ነገር አልነበረበትም። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የገባነው እኔ፣ አንድ መምህርና በሰፈሩ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ነበርን። ኃላፊው ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል «ሰው ሞቷል?» ሲል ጠየቀን። «እስካሁንስ አልሞተም» አልነው። «እንግዲያው ምን አቻኮላችሁ? የትራፊክ ፖሊስ የአደጋ ሪፖርት ከሌለ እኛ ቅድሚያ ልንሰጠው አንችልም፤ ሪፖርት ሲኖር ኑ» አለ። እማማ ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ ተከል አድርገው «ታዲያ የምትጠብቀው እኔን ነው፣ የኔ ልጅ?» አሉት። ያን ጊዜ ብቻ ቀና አለ፤ ወንበር እንኳ ሳያቀርብላቸው ግን «ስብሰባ አለኝ» ብሎ ወጣ። ማመልከቻው ከመዝገብ ቤት ጠፋ ተባልን፤ እንደገና አስገባን፤ እንደገና ጠፋ። ስለዚህ የሚያስገቡትን ደብዳቤ ሁልጊዜ በሁለት ቅጂ ያድርጉት፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ ገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፈው ማኅተም ሳያስመቱ ከመስኮቱ አይራቁ። ግልባጩን ደግሞ ለከተማው ምክር ቤትና ለትራፊክ ፖሊስ ያድርጉ፤ ሌላ ሰው እንዳየው ሲያውቁ ፋይል አይጠፋም።

የሪፖርቱ ነገር ግን እውነትም ከባድ እንቅፋት ነው፤ ምክንያቱም በመዝገብ የሚገባው መኪና የገጨው ሰው ብቻ ነው። ባጃጅ ሲሸሽ ክዳን በሌለው የፍሳሽ ቦይ ውስጥ የገባ ሽማግሌ፣ የእግረኛ መንገዱን አሸዋና ጠጠር ስለያዘው ወደ አስፋልቱ ወርዳ የተንሸራተተች አሮጊት፣ እነዚህ በትራፊክ መዝገብ የሉም። ደሴን በሐምሌና በነሐሴ የሚያውቃት ሰው፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ አሥር እርምጃ ርቆ ያለው መኪና እንኳ በድምፁ እንጂ በመልኩ እንደማይለይ ያውቃል። እንዲህ የወደቁት ሰዎች የት እንደሚታከሙ ስናስብ መልሱ ሆስፒታል ሳይሆን ወጌሻ ሆነ። ወደ ሰፈሩ ወጌሻ ሄደን በክረምት የእጃቸው አንጓና ዳሌያቸው ተጎድቶ የመጡ አረጋውያን የት እንደወደቁ ጠየቅናቸው፤ ቦታው በአብዛኛው ያው የእኛ ቦይ ሆኖ ተገኘ። የሰዎቹን ስም ሳንጽፍ፣ የወደቁበትን ቦታ ብቻ በእጅ በተሣለ ካርታ ላይ አመለከትን። ይህን ካርታ ያየ ሰው «ሪፖርት አምጡ» ለማለት ይቸግረዋል።

ፍጥነቱን ለመለካት ምንም መሣሪያ አይግዙ። የሒሳብ መምህራችን አስፋልቱ ዳር 50 ሜትር በኖራ አስምረው፣ ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ከመንገዱ ርቀው በአጥሩ ጥግ ተቀምጠው በስልክ ሰዓት ይይዙ ነበር። 50 ሜትሩን በ6 ሰከንድ የሚያልፍ መኪና ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ3.6 ሰከንድ የሚያልፈው ደግሞ 50 ነው። በእኛ በር ላይ ከ4 ሰከንድ በላይ የሚወስድ መኪና ብርቅ ነበር። ልኬቱን ማድረግ ያለብዎት ደግሞ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት አይደለም። ትምህርት ቤትዎ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ፣ እኩለ ቀን ላይ የጠዋቱ ተማሪ እየወጣ የከሰዓቱ እየገባ በሩ ላይ የሚገናኙበትን ግማሽ ሰዓት ይምረጡ፤ እኛ ዘንድ ሰኞ ሲሆን በዚህ ላይ ገበያተኛው ይጨመርበታል።

ከዚያም የእማማን እርምጃ ለካን፤ እሳቸውም በደስታ ፈቀዱ። ዝግ ብሎ የሚራመድ አረጋዊ በሰከንድ 0.8 ሜትር ያህል ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል፤ የእሳቸውም ከዚያ የራቀ አልነበረም። ስለዚህ 10 ሜትር ስፋት ያለውን አስፋልት ለመሻገር 12.5 ሰከንድ ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በ50 ፍጥነት የሚመጣ መኪና ከ170 ሜትር በላይ ይጓዛል። ከበራችን ወደ ላይ ሲመለከቱ ግን ኩርባው ስለሚጋርድ ይህን ያህል ርቀት አይታይም፤ እማማ መሻገር ሲጀምሩ ያልነበረው መኪና መሐል ሲደርሱ ይመጣባቸዋል። የሰባት ዓመት ልጅም ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም፤ እግሩ ቢፈጥንም የሚመጣውን መኪና ፍጥነት መገመት አይችልም፤ በቆመ ባጃጅ ኋላ ከሆነ ደግሞ ሹፌሩ አያየውም። በመኪናው ፍጥነት ላይ ይህን ያህል የምደርቀው የግጭቱ ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚያድግ ነው፤ በ50 የሚመጣው በ30 ከሚመጣው ሦስት እጥፍ በሚጠጋ ኃይል ይመታል። በየካቲት 2012 በስቶክሆልም በተካሄደው የመንገድ ደህንነት የሚኒስትሮች ጉባኤ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ የፍጥነት ጣሪያው 30 ኪሎ ሜትር እንዲሆን የተጠየቀውም ስለዚህ ነው። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም በዚያው ዓመት ሞተር አልባ ትራንስፖርትን፣ ማለትም የእግርና የብስክሌት ጉዞን፣ የሚመለከት የአሥር ዓመት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ ማመልከቻዎ ላይ ቢጠቅሱት ጥያቄዎ የሰፈር እሮሮ ብቻ እንዳይመስል ይረዳዎታል።

ይህን ሁሉ አባሪ አድርገን ስናስገባ አንድ ወጣት መሐንዲስ ራሱ መጥቶ፣ ከእማማ ጋር ተሻግሮ አየው። በዋናው መንገድ ላይ የጠየቅነው ሁሉ አልተሰጠንም፤ የማስጠንቀቂያ ምልክትና የሚያንገጫግጩት መስመሮች ከኩርባው በላይ ተሠሩ፣ ዜብራው ደግሞ ከታክሲ መቆሚያው ርቆ ተቀባ። በጓሮ በኩል ባለው የከተማው መንገድ ላይ ግን ከፍ ያለ መሻገሪያ አገኘን። የቦዩን ክዳን ነዋሪው አዋጥቶ፣ ከተማው ልኩን ሰጥቶ አሠራን። በምረቃው ቀን ፎቶ የተነሡት ማን ማን እንደሆኑ አልነግርዎትም፤ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት የሚለው ስም እንኳ በንግግሩ ውስጥ አልተነሣም።

ከሁሉ የጠቀመን ነገር ግን ምንም ፈቃድ አላስፈለገውም። የትምህርት ቤቱ የጓሮ በር ለትንንሾቹ ክፍሎች እንዲከፈት፣ የሁለቱ ፈረቃ መውጫና መግቢያም 20 ደቂቃ እንዲራራቅ አደረግን። ርዕሰ መምህሩ «ሁለተኛ ጥበቃ ከየት አመጣለሁ?» ብለው ነበር፤ ወላጆች በተራ ቆሙ፣ ተማሪ ትራፊኮቹም ባንዲራቸውን ይዘው እዚያው ተመደቡ። ከታች ክፍል ያለ ልጅ አሁን ዋናውን አስፋልት ጨርሶ አይረግጥም። ግቢያችሁ ወደ ውስጥ መንገድ የሚያወጣ አጥር ካለው፣ ማመልከቻውን ሳይጽፉ ከዚህ ይጀምሩ።

የጊዜ ነገር ሳይነሣ እንዳይቀር፤ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ስለሆነ፣ ጥያቄዎ ዕቅድ በሚዘጋጅበት በበጋው ወራት ካልገባ «ለሚቀጥለው ዓመት» ይባላል። በደብዳቤው ላይ የዜብራው ቀለም በየዓመቱ ከክረምት በኋላ እንዲታደስ ለብቻው ያስጠቅሱ፤ እኛ ያልጠየቅነው እሱን ነበርና ቀለሙን የክረምቱ ዝናብና የተሳቢው ጎማ አጥፍቶታል። ለእሱም አመልክተናል፤ ገቢ ቁጥሩ በእጄ ነው።