ጠይቁን፦ ሃልዲጋቲ ላይ ማን አሸነፈ?

ሰሞኑን የመጡልን ጥያቄዎች ስለ ህንዶቹ ራጅፑት ነገሥታት ናቸው (ራጅፑት የሰሜን ህንድ የጦረኛ ወገን ነው)፣ መቼም ከተከታታይ ድራማው የተነሳ መሰለኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ እንዳትምታቱ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ እኔና ባለቤቴ ሌሊቱን ሙሉ ተጨቃጨቅን። እሱ ማሃራና ፕራታፕ ሃልዲጋቲ ላይ የአክባርን ጦር አሸንፏል ይላል፣ እኔ ደሞ አምልጦ ሄደ ነው ምለው። ፍረዱን።

መልስ፦ እህቴ፣ የዛን ቀን ብቻ ካየን ረቺው አንቺ ነሽ፣ ሜዳውን ይዘው የቀሩት ሙጋሎቹ ናቸው፣ ማለት ሰሜን ህንድን ይገዛ የነበረው የሙስሊሙ ንጉሠ ነገሥት የአክባር ሰዎች። ባልሽም ግን ዝም ብሎ አይደለም።

1568 ላይ አክባር የፕራታፕን አገር የሜዋርን ትልቁን ምሽግ ቺቶርን ለወራት ከቦ ያዘው፣ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ጆሃር በሚሉት ሥርዓት እሳት ውስጥ ገቡ፣ ወንዶቹ እየተዋጉ አለቁ፣ ከዛም አክባር ከተረፈው ሰው ብዙ ሺውን አስጨረሰ። (ድራማዎቹ ጆሃርን በሙዚቃ አጅበው ሲያሳምሩት እኔ በበኩሌ አልወድም፣ ሴቶቹን ማን ጠየቃቸው?) ፕራታፕ አባቱን ተክቶ 1572 ላይ ሲነግሥ እንግዲህ ቺቶር በጠላት እጅ ነው። አክባርም መጀመሪያ ጦር አልላከም፣ ሽማግሌ ነው የላከው፣ አንዱ ሲመለስ ሌላው እየሄደ አራት ጊዜ። ግዛትህን ያዝ፣ ብቻ መጥተህ እጅ ንሳ ነው ነገሩ። ሌሎቹ ራጅፑቶች አብዛኞቹ ገብተዋል፣ የአምበር ገዢዎች እንደውም ልጃቸውን ለአክባር ድረዋል። ፕራታፕ ግን ሲያባብሉትም ሲያስፈራሩትም አልሄደም።

ጁን 18 ቀን 1576 ሃልዲጋቲ በሚባል፣ አፈሩ እንደ እርድ ቢጫ በሆነ ጠባብ የተራራ በር አጠገብ ተገናኙ። የፕራታፕ ሰው ወደ 3,000 ፈረሰኛና ጥቂት መቶ የቢል ቀስተኞች ይባላል፣ ቢሎች የዛ ተራራ ነባር ሕዝብ ናቸው፣ የሙጋሉ ጦር ከዚያ በጣም ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ የፕራታፕ ፈረሰኛ እንደ ጎርፍ ወርዶ የሙጋሎቹን ግንባር በተነው፣ ብዙዎቹ ሸሹ፣ በኋላ ግን ከወደኋላ ነጋሪት እየተመታ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ መጣ የሚል ወሬ ተነዛና የሸሸው ተመለሰ። አክባር የለም'ኮ፣ ወሬ ነው! ፕራታፕ ሲቆስልና ሲከበብ ጃላ የሚባለው ቤት አለቃ የንጉሡን ጥላ ነጥቆ ራሱ ላይ ያዘ ይላሉ፣ ጠላት እሱን ንጉሡ መስሎት ሲረባረብበት ፕራታፕ ወጣ። ፈረሱ ቼታክ በቆሰለ እግሩ ወንዝ ዘሎ አሳልፎት ሞተ የሚባለውም እዚሁ ላይ ነው፣ ይሄ ግን በኋላ ዘመን ትረካ ውስጥ የመጣ ነገር ነው።

አሁን ወደ ባልሽ። አሸናፊው ጦር ፕራታፕን አልያዘውም፣ ጎጉንዳ የሚባል ከተማ ገብቶ ሲሰፍር ደሞ ስንቅ አጣ፣ ለመኖ እንኳ መውጣት ፈራ። አክባር በጦር አዛዡ ተቆጥቶ ለጊዜው ቤተ መንግሥት እንዳይገባ ከለከለው፣ ላሸነፈ ሰው እንዲህ አይደረግም። ከዛ በኋላ ፕራታፕ ሜዳ ላይ መግጠሙን ትቶ ተራራ ለተራራ እየዞረ መንገድ መቁረጥ ጀመረ፣ 1582 ላይ ዴዌር ላይ ትልቅ ድል አገኘ፣ 1585 ላይ አክባር ፊቱን ወደ ላሆር ሲያዞር ከቺቶርና ከማንዳልጋር በቀር አብዛኛውን ሜዋር አስመለሰ። 1597 ላይ ቻቫንድ በሚባል ቦታ ሞተ፣ ቺቶርን ሳያይ፣ ግን እጅም ሳይነሳ። እጅ የነሳው ልጁ አማር ሲንግ ነው፣ 1615 ላይ፣ ለዛውም ራናው (ንጉሡ ማለት ነው) በአካል ቤተ መንግሥት ቆሞ አያገለግልም የሚል ቃል ተገብቶለት።

ህንዶቹ ራሳቸው እስካሁን ይጣሉበታል፣ 2021 ላይ የፕራታፕ ጦር አፈገፈገ ይል የነበረው የጦር ሜዳው ሰሌዳ በተቃውሞ ብዛት ተነስቷል። ስለዚህ ባልሽን ብዙ አትፍረጂበት።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ ነገሩ የሂንዱና የሙስሊም ጦርነት አይደለም እንዴ? ኢንተርኔት ላይ ሁሉም እንደዛ ነው ሚለው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የሁለቱን ጦር አዛዦች ስማ። የአክባርን ጦር የመራው ማን ሲንግ ነው፣ የአምበር ቤት ሂንዱ ራጅፑት፣ አክስቱ ለአክባር የተዳረች። ከፕራታፕ ግንባር ቀደሞች አንዱ ደሞ ሃኪም ካን ሱር ነው፣ አፍጋን ሙስሊም፣ እዛው ሜዳ ላይ ተሰዋ። ባዳዩኒ የሚባል የሙጋል ጸሐፊ በቦታው ነበር፣ የኛን ራጅፑት ከነሱ ራጅፑት እንዴት ልለይ ብሎ ቢጠይቅ፣ ዝም ብለህ ወርውር፣ ከየትኛውም ወገን ቢሞት ለእስልምና ትርፍ ነው ተብሎ እንደተመለሰለት ራሱ ጽፏል። ሃይማኖት የለበትም ማለቴ አይደለም፣ እንደምታየው አለበት፣ ግን ሰልፉን የለየው እሱ አይደለም። ለአንዱ ራጅፑት ክብር ማለት አለመገዛት ነው፣ ለሌላው ማለፊያ ሹመት ይዞ ቤቱን ማትረፍ ነው፣ እና የማን ሲንግ ዘሮች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ጃይፑርን ገዝተዋል፣ ሞኝ ነበር ለማለት ይከብደኛል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ራና ሳንጋ አንድ ዓይን አንድ እጅ ይዞ ነው እውነት የተዋጋው? ትንሽ አልተጋነነም?

መልስ፦ ሰማንያ ቁስል ነበረበት ይባላል፣ ማን ቆጠረው ካልሽኝ መልስ የለኝም፣ ዓይኑንና እጁን ማጣቱን ግን ሁሉም ያወሩታል፣ ዓይኑ ከወንድሙ ጋር በተጣሉ ጊዜ የጠፋ ነው፣ እጁ ከሎዲዎች፣ ከዴልሂ ሱልጣኖች፣ ጋር ሲዋጋ። የፕራታፕ አያት ነው። ማርች 1527 ካንዋ ላይ ከባቡር ጋር ገጠመ (የአክባርን አያት ንጉሡን ነው፣ የድሬዳዋውን አይደለም)። የባቡር ወታደሮች ከመፍራታቸው የተነሳ እሱ ወይን ጠጅ በቃኝ ብሎ ምሎ ብርጭቆዎቹን አስሰበረ። ግን መድፍና ነፍጥ ነበረው፣ ጋሪዎቹን በሰንሰለት አያይዞ ከኋላቸው መሸገ፣ የራጅፑት ፈረሰኛ እሱ ላይ ሲጋልብ አለቀ። ሳንጋ በቀስት ተመትቶ ራሱን ስቶ ነው ከሜዳ የወጣው፣ በዓመቱ ሞተ፣ ሌላ ጦርነት የታከታቸው የራሱ መኳንንት መርዘውት ነው ይባላል።

ጥያቄ (ከባህር ዳር)፦ ፕሪትቪራጅ ዓይኑ ጠፍቶ በድምፅ ብቻ አነጣጥሮ ሱልጣኑን ገደለው ሚባለው?

መልስ፦ ቆንጆ ተረት ነው። ራጅፑቱ ንጉሥ ፕሪትቪራጅ ሱልጣኑን፣ የጎሩን መሐመድን፣ ታራይን ላይ 1191 አሸነፈ፣ 1192 እዛው ተሸነፈና ብዙም ሳይቆይ ተገደለ። የጎሩ መሐመድ የሞተው 1206 ነው፣ ከ14 ዓመት በኋላ።

ጥያቄ (ከቤሩት)፦ ሃበሻ ከራጅፑቶች ጋር ተዋግቶ ያውቃል?

መልስ፦ አዎ፣ ማሊክ አምባር። 1548 አካባቢ እዚህ ተወልዶ ለባርነት ተሸጠ፣ እጅ በእጅ ሲሻገር ደቡብ ህንድ ደረሰ፣ የአህመድናጋርን መንግሥት እስከ 1626 በእጁ ያዘ፣ ሙጋሎችን እንደ ፕራታፕ መንገድ እየቆረጠ ነው ያስመረራቸው። የአክባር ልጅ ጃሃንጊር የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ ሥዕል አሠርቷል፣ በእውኑ ግን አንድም ቀን አልያዘውም። የሃልዲጋቲው ማን ሲንግ ራሱ በስተርጅና ወደዚሁ ግንባር ተልኮ 1614 ላይ ኤሊችፑር ውስጥ ሞተ።